የካርማን ጊያ የፊት መስታወት፦ ጎማው ይቀድማል ወይስ ክፈፉ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ ግንቦት 27

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ታሪኳ ግን ረጅም ነው። የቸኮለ ሰው የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ ይፍረደኝ።

አጎቴ ካረፈ በኋላ ደሴ፣ ሆጤ ከነበረው ግቢው አንዲት ካርማን ጊያ፣ የስፖርት መኪና መልክ ያላት የቮልስ ፋብሪካ መኪና፣ ደረሰችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1969 ሥሪት ናት። "ደረሰችኝ" ማለቴ ለክብሬ ነው እንጂ፣ ቤተሰቡ ስለ ቤቱና ስለ ቦታው ሲነጋገር እኔ "አንተ ብረት ትወዳለህ፣ ያቺን ቆርቆሮ ውሰዳት" ተብዬ ነው የተሸኘሁት። ከባሕር ዛፍ ዳስ ሥር ሃያ ዓመት ያህል ቆማለች። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ አገኘኋት፤ እንቁላሉን ለአክስቴ አስረክቤ መኪናዋን በአይሱዙ አስጭኜ ወደ ኮምቦልቻ አወረድኳት።

በሞተሩ ወሬ አላሰለቻችሁም። 1493 ሲሲ የቮልስ ሞተር ነው፤ ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ በእኛ አካባቢ አይጠፋም። ላሜራው ተበይዶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ መጋቢት ላይ ደረስን። የቀረኝ "ትንሽ ነገር" የመስታወቶቹ ጎማና በጎማው ላይ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ክፈፍ ነበር። እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ ትንሽ ነገር ናት።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ሻጭ የፊት መስታወት ጎማ ገዛሁ። "ለካርማን ጊያ ነው" ስለው "ቮልስ ሁሉ አንድ ነው ወንድሜ፣ አባትና ልጅ ናቸው" አለኝ። አመንኩት። ኮምቦልቻ ደርሼ በመስታወቱ ዙሪያ ስለካው ጎማው አጠረ። የተራዋ ቮልስ የፊት መስታወት ዝርግ ነው፤ የእኔዋ ግን በሁለት ጎኗ ወደ ኋላ የጎበጠ ሰፊ መስታወት ነው ያላት። ይህን ሻጩ ባያውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ሁለተኛው ጎማ በዘመድ በኩል ከውጭ መጣና ልክ ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። መስታወቱን ከነጎማው መኪናዋ ላይ ከገጠምኩ በኋላ ክፈፉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እየጎረጎርኩ ወደ ጎማው ቦይ ላስገባ ሞከርኩ። የግራው ግማሽ እንደምንም ገባ። የቀኙ ግን ከላይኛው ማዕዘን አንድ ጣት አለፍ ብሎ ቀጭ አለና ታጠፈ። ጎበጥ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ካርቶን መስመር ይዞ ነው የታጠፈው። አሁን ፀሐይ ሲያርፍበት ከመንገድ ማዶ ይታያል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሽመና ማሽን ፈትቼ እገጥማለሁ። ይህች ከማስቲካ መጠቅለያ ብዙም የማትወፍር አሉሚኒየም ግን አዋረደችኝ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ጠዋት በሩን ስከፍት በቀኙ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። አንድ ጓደኛዬ "ዙሪያውን ሲሊኮን ለስንበት" አለኝ፣ ለሰንኩበት። አሁንም ያስገባል፣ በዚያ ላይ ጎማው ንፍጥ የደረቀበት ሕፃን መሰለ።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ክፈፉ የሚገባው መቼ ነው? የታጠፈው ይቃናል ወይስ ልሰናበተው? ውሃውስ በእርግጥ ከፊት መስታወቱ ነው የሚመጣው? ሐምሌ ሳይገባ መልስ ስጡኝ፤ የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ።


የሐረጎ መንገደኛ፣ ግንቦት 27

ሲሊኮኑን አሳንሰህ ነው። ጥቁሩን ግዛና ሁለት ቱቦ ጨርስበት። የእኔ ሚኒባስ እንዲሁ ነው የተለሰነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ጠብታ አይቼ አላውቅም። ደግሞ የስፖርት መኪና ነው ያልከን? የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ንገረኝና ከኋላህ ሆኜ ልግፋህ።


ቦርከና ማዶ፣ ግንቦት 27

መልኳ የስፖርት ነው፣ ጉልበቷ የቮልስ ነው፤ ይህን ማንም አልካደም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ስትወጣም ለመልክ ነው የወጣችው።


ባትላሜራው (ደሴ)፣ ግንቦት 28

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። የፊደል ስህተት ካለ የእርሷ ነው፣ የመኪና ስህተት ካለ የእኔ።

አንተ የኮምቦልቻው፣ አብሽር። ክፈፍ ያላጠፈ ባትላሜራ የለም። እኔ ያጠፍኩት የሰው ስለነበር ከኪሴ ከፍያለሁ።

ጎማህን አንሥተህ አገላብጠህ እየው፣ ሦስት ቦይ አለው። አንዱ መስታወቱን ይነክሳል። ሁለተኛው የላሜራውን ጠርዝ ይነክሳል። ሦስተኛዋ ጠባቧ፣ ከፊት የምትታየው፣ የክፈፉ ናት። ሥራው የሚጀመረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብርድ ልብስ ታነጥፋለህ፣ መስታወቱን ታስተኛለህ፣ ጎማውን ዙሪያውን ታለብሰዋለህ፣ ክፈፉንም እዚያው ታስገባለህ። መኪናው ላይ የሚሄደው ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። ምክንያቱን ልንገርህ፦ ጎማው ላሜራውን ከነከሰ በኋላ ይጨመቃል፣ የክፈፉም ቦይ ከንፈሯን ትገጥማለች። የገጠመ ከንፈር በካቻቢቴ ስትፈለቅቅ ከሁለቱ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን ጎማው ልቅ ነው። ከንፈሯን በአውራ ጣትህ ገለበጥ እያደረግህ በሳሙና ውሃ ታንሸራትተዋለህ። ብረት የሚባል ነገር አታስጠጋ። እኔ ከወይራ የጠረብኳት፣ የማንኪያ እጀታ የምታክል ለስላሳ እንጨት ነበረችኝ፤ አሁንም አለች፣ ልጄ ቡና ስታፈላ ከሰል ልትቆሰቁስባት ፈልጋ ተጣልተናል። (ይህን አልጻፍም ብዬ ነበር፣ ግድ አሉኝ። ልጅቷ።)

ክፈፉ ሁለት ግማሽ ስለሆነ መጋጠሚያውን የምትሸፍነውን ትንሿን ክሊፕ ሁለቱ ሳይገናኙ በአንደኛው ላይ አስቀድመህ አግባት። ኋላ ብትፈልግ እንደገና ልታወልቅ ነው።

አሁን ገመዱ። ተራ ሲባጎ ይበጠሳል፤ 5 ሚሊ ሜትር የምትወፍር የናይለን ገመድ ይሻላል። በላሜራው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ቅበራት። ሁለቱ ጫፎች ከታች መሐል ላይ ስንዝር ያህል ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠልጠሉ። ቦዩንና የላሜራውን ጠርዝ በሳሙና ውሃ አርጥብ። አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን በልኩ አስቀምጦ በሁለት መዳፉ ይጫን፤ አንተ ውስጥ ተቀምጠህ ገመዱን ወደ መስታወቱ መሐል አቅጣጫ ቀስ እያልህ ሳብ። ገመዱ ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ብድግ አድርጎ በላሜራው ላይ ያሻግረዋል። ከታች ጀምር፣ ማዕዘኖቹን አዙር፣ በሁለቱም ጎን እኩል ውጣ፣ አናቱ መሐል ላይ ጨርስ። ውጭ ያለው ሰው አንተ የምትስብበትን ቦታ እየተከተለ ይጫን። በቡጢ አይምታ። መስታወት የሚሰነጠቀው ከጠርዙ ነው፤ አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ክብደት ካረፈበት ድምፁን ትሰማለህ፣ ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። አሁን የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ፦ ላሜራውን ያስበየድከው የት የት ነው? በሃምሳ ዓመት ሥራዬ ያየሁት፣ ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ጎማው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ታች ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ይዝጋሉ፣ ባለጋራዡ ቁራጭ ላሜራ በላዩ ደርቦ ይበይዳል፣ ሸካራውን በስቱኮ ይለስነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ዓይን ሲያየው ያምራል። ጎማው ግን ዓይን የለውም። የጎማው ቦይ የተሠራው ለአንድ ላሜራ ውፍረት ነው። ሁለት ላሜራና ስቱኮ ሲያጋጥመው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ ክፍተት ይቀራል። ስቱኮውም ጎማ ሲጫነው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውሃ ይይዛል፣ ዝገት እንደገና ከዚያ ይጀምራል። በጠርዙ ላይ ጣትህን አስኪድ። ከፍ ያለ ነገር ከነካህ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

የዚህችን መኪና ላሜራ ደግሞ አትናቅ። የተራዋ ቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ይፈታል። የእርሷ ገላ ግን ላሜራ ከላሜራ ተበይዶ፣ ስፌቱ በቀለጠ የብረት ቅይጥ ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ ነው አንድ ወጥ የመሰለው። ስለዚህ የሠራላት ሰው "ቀላል ናት" ካለህ አልሠራላትም ማለት ነው።

የሚኒባሱ ልጅ ስለ ሲሊኮን ያለውን አንብቤአለሁ። ሲሊኮኑን ስትቀባው ሆምጣጤ ሸተተህ? ከሸተተህ አሲድ ነው፤ እየደረቀ ባዶ ብረት ያዝጋል። መኪናው የሚፈርሰው ከጎማ ሥር ስለሆነ ሰውየው ጠብታ አያይም፤ አንድ ቀን መስታወቱ ከነላሜራው ጭኑ ላይ ይቀመጣል።


የሐረጎ መንገደኛ፣ ግንቦት 28

አባባ፣ ነገ ጠዋት ጎማዬን ገልጬ አያለሁ። ምነው እንዲህ አስፈሩኝ።


የሸዋ በር ልጅ (ጀርመን)፣ ግንቦት 29

ሰላም። ደሴ ነው ያደግሁት፤ ባለቤቴ እዚህ ጀርመን ካርማን ጊያ አለው፣ እኔ ደግሞ ከሚስትነት ወደ ረዳት መካኒክነት ካደግሁ ቆይቻለሁ። ባትላሜራው ባሉት ላይ ጥቂት ልጨምር።

ጎማውን ድጋሚ የምታስመጣ ከሆነ ሦስት ነገር ለይተህ ንገራቸው፦ ዓመቱን፣ ባለ ጣሪያዋ እንጂ ተጣጣፊ ሸራ ያላት እንዳልሆነች፣ እና ጎማው የክፈፍ ቦይ ያለው እንዲሆን። ለተራዋ ቮልስ ክፈፍ የማይቀበል ጎማም ይሸጣል፤ በፎቶ አይለይም። ዘመድ በሻንጣ ሲያመጣ ደግሞ አጥብቆ እንዳያጥፈው ለምነው። ልቅ አድርጎ ይጠቅልለው። ወንድሜ አንድ ጊዜ ያመጣልን ጎማ እንደ ሸሚዝ ታጥፎ ደርሶ የታጠፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ከመስታወቱ ላይ ይነሣል።

ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ የተሠሩ ናቸው። ፀሐይና ዝናብ ይችላል፤ የሞተር ዘይት፣ ግሪስና ነጭ ጋዝ ግን ያሳብጡታል። ስለዚህ "ይለስልስ" ብለህ ዘይት እንዳትቀባው። የሳሙና ውሃ በቂ ነው፣ ግሊሰሪን ካገኘህ ደግሞ ለጥገናውም ይሆንሃል። የድሮውን ማስቲሽ በነጭ ጋዝ ካጸዳህ አዲሱ ጎማ ከመምጣቱ በፊት በአልኮል ወልውለው።

ውሃው ከፊት መስታወት ነው ብለህ ግን አትቸኩል። የዚህች መኪና የበር መስታወት ክፈፍ የለውም፣ አንድ ወጥ ነው፤ ሲዘጋ አናቱ በቀጥታ ከጣሪያው ጎማ ጋር ነው የሚሳሳመው። ከታች ደግሞ መስታወቱ ወደ በሩ ሆድ ሲገባ የሚጠርገው ላስቲክ አለ። ያ ላስቲክ አዲስም ሆኖ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ በሩ የተሠራውም ያን አስቦ ነው። ውሃው በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ግን በሩ እንደ ገንቦ ይሞላና ወደ ውስጥ ይገለብጣል። ከበሩ ሽፋን ጀርባ ፕላስቲክ ተለጥፎ መኖሩንም እይ።


ቦርከና ማዶ፣ ግንቦት 29

ጋሼ፣ ሆምጣጤ ሸቶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን እንዴት ልተኛ ነው? ጎማውን ሳላበላሽ እንዴት አወልቀዋለሁ? እህቴ፣ የበሩን አላሰብኩትም ነበር፤ አያለሁ።


ባትላሜራው፣ ግንቦት 30

ሲሊኮኑን በእጅህ ላጠው፤ የቀረውን በፕላስቲክ ፍቀው፣ በምላጭ አይደለም። ጎማው አዲስ ነውና ይተርፋል። ከውስጥ የጎማውን ከንፈር በእንጨትህ ከላሜራው ላይ እያነሣህ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጀምረህ መስታወቱን ወደ ውጭ ግፋው፤ ውጭ ሁለት ሰው ይቀበል። ጎማው አሮጌና ደረቅ ቢሆን ኖሮ በቢላ ቅደደው እልህ ነበር፤ ያኔ ጎማውን ሰውተህ ክፈፉን ታተርፋለህ።

ስትመልሰው ደግሞ ደሴ አምጥተህ በጠዋት እንዳትሠራው። በብርድ ጎማ እንደ ቆዳ ይደርቃል። እዚያው ኮምቦልቻ፣ ቀትር ላይ፣ ጎማውን ፀሐይ ላይ አስጥተህ ሥራ። ቀለም ካስቀባህ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ጎማ አታልብሰው፤ ይጣበቅና ሌላ ጊዜ ቀለሙን ይዞ ይነሣል።


ቦርከና ማዶ፣ ሰኔ 25

ዘግይቻለሁ፣ ግን በእጄ ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።

መስታወቱን አወለቅነው። ጋሼ ያሉት ቦታ ላይ፣ ታች ቀኝ ማዕዘን፣ ጣቴን ሳስኬድ እብጠት ነካሁ። ስቱኮውን ስፈቀው እንደ ደረቀ እንጀራ እየተቀረፈ ወደቀ፣ ከሥሩ የተደረበ ላሜራ ወጣ። የክብሪት እንጨት በላዩ ላይ አጋድሜ ባየው ከጎኑ ካለው ጠርዝ በእንጨቷ ልክ ከፍ ይላል። ሲሊኮኑ በነካበት መስመር ላይ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ብርቱካናማ ዝገት ተዘርግቷል። የበየደውን ሰው ስም አልጠራም፤ ሻይ አብረን እንጠጣለን።

የተደረበውን ቆርጠን አውጥተን ጫፍ ለጫፍ አስበየድነው፣ በሞረድ አስተካከልነው፣ ፀረ ዝገት ቀባነው፣ ከዚያ ቀለም። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ይህ ጥበቃ ነው ከሁሉ የከበደኝ፤ በየቀኑ ማታ እየሄድኩ በጥፍሬ ጫን አድርጌ አያለሁ።

በዚያ መሐል ክፈፉን ያዝኩ። በክፈፉ ሆድ ቅርጽ አንድ ጠንካራ እንጨት ጠረብኩና የታጠፈውን በላዩ አስቀምጬ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ ኳኳሁት። በአንድ ምት ለማቃናት ስሞክር መስመሩ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከዳርና ከዳር ወደ መሐል ሲመጣ ነው የሚሰማው። አሉሚኒየሙ ላይ ፋብሪካው የሰጠው ጠንካራ ሽፋን አለ፤ እርሱ ሳይነሣ ምንም ብትወለውለው አያበራም። ኮስቲክ ሶዳ በሥራ ቦታዬ ጥጥ ሲታጠብ የማውቀው ነገር ስለሆነ ቀጭን አድርጌ በጥብጬ፣ ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነከርኩትና በብዙ ውሃ አጠብኩት። ልብ በሉ፣ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላል፣ እየፈላም የሚቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ ያልለመደው ሰው አይንካው፣ በብርጭቆ ወረቀት ብቻም ይሠራል፣ ክንድ ነው የሚፈልገው። ከዚያ 400፣ 800፣ 1200፣ በመጨረሻ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እያረጠብኩ ሄድኩበት፣ በማወልወያ ጨረስኩት፣ ሽፋኑ ስለሌለ ሰም ቀባሁት። መስመሩ ጠፋ ብል ዋሽቻለሁ። የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል። ከመንገድ ማዶ ግን አይታይም።

እሑድ ቀትር ላይ ገጠምነው። ጎማው ፀሐይ ላይ ተኝቶ ስለነበር እንደ ሊጥ ታዘዘ። ክፈፉ ጠረጴዛ ላይ ሲገባ፣ በካቻቢቴ ሁለት ሰዓት የታገልኩት ያ ነገር፣ ሩብ ሰዓት እንኳ አልወሰደም። አንድ የሽመና ክፍል ባልደረባዬ ከውጭ ተጫነ፣ እኔ ገመዱን ሳብኩ። ገመዱ ሲወጣ ጎማው ጠብ፣ ጠብ እያለ ላሜራውን ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ የሚያስደስት ነው። አናቱ ላይ ስንደርስ ገመዱ ተቋጠረብኝና ልቤ ቆመ፤ ፈታሁት፣ አለፈ።

ከዚያ የውሃ ሙከራ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ በወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ በላዩ የጠመኔ ዱቄት በትና ውስጥ ተቀመጠች። እኔ በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጠጣሁ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ምንጩ አይታወቅም። የፊት መስታወቱ ዙሪያ ደረቅ ነው። "ደረቅ ነው! ደረቅ ነው!" እያለች ትጮኻለች። ወደ ቀኙ በር ሳልፍ ዝም አለች። ከዚያ "አባዬ፣ ጠመኔው እያለቀሰ ነው" አለች።

የሸዋ በሯ እህቴ፣ ረታሽኝ። የበሩን ሽፋን ከፈትኩ፤ ፕላስቲክ የሚባል የለም። ከታች ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ በአዲሱ ቀለም ተደፍኗል። ሌላውን በሽቦ ስጎረጉረው መጀመሪያ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከዚያ በእጄ የያዝኩት የዶሮ ላባ ነው። ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት፤ "ከእንቁላሉ ጋር ልታስረክበኝ ይገባ ነበር" አለችኝ። ቀዳዳዎቹን ከፍቼ፣ አዲስ ፕላስቲክ በማስቲሽ ለጥፌ፣ መጥረጊያ ላስቲኩን ቀይሬ ዘጋሁት። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ወለሉ ላይ ጠመኔው ዱቄት እንደሆነ አገኘሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዛሬ ወደ ደሴ ወጥቼ ሐረጎን ስወርድ፣ ፍጥነቴ 60 ሲያልፍ፣ የግራው በር መስታወት አናቱ ላይ ያፏጫል። በእጄ ወደ ውጭ ገፋ ሳደርገው ይባስ ይጮኻል፣ ወደ ውስጥ ስስበው ዝም ይላል። ጣሪያው ላይ ያለው ጎማ አዲስ ነው። መስታወቱን ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ማስተካከያ ብሎን በበሩ ሆድ ውስጥ አለ ወይስ ጎማውን ነው የማየው? የሐረጎ መንገደኛ፣ ከኋላዬ ነበርክ መሰለኝ፤ አልገፋኸኝም።


የሐረጎ መንገደኛ፣ ሰኔ 25

እኔ ነኝ፣ ጥሩምባ ነፍቼልህ ነበር፣ በፉጨቱ ምክንያት ሳትሰማኝ አልቀረህም። የእኔን ጎማ ገልጬ አየሁ። ባትላሜራው፣ የትኛው ሰፈር ነዎት? ነገ ይዤልዎት ልምጣ?